አስጎብኚዋ የከፈተችው በር

ኤይለርትን ሞቶ ያገኙት ቱሪስቶች ናቸው። እንደውም አንዲት ሴትዮ ለጉብኝት ተብሎ የተቀመጠ አሻንጉሊት መስሏት ፎቶ አንስታዋለች። ምን ታድርግ፣ በርገን ወደብ ዳር ባሉት አሮጌ የእንጨት ቤቶች ውስጥ በየጥጉ የጥንት ነጋዴ ልብስ የለበሰ አሻንጉሊት ተገትሯል። አስጎብኚዋ ሲኖቨ የሰገነቱን በር ከፍታ፣ «እዚህ ነበር ደረቁ ዓሣ የሚከማቸው» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ በኋላ የተሰማው ጩኸት ብቻ ነው።

እኔ ስደርስ ዝናቡ እንደ ልማዱ ይወርዳል። ግቢው ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ቆሟል፤ የሱቆቹ በር ተዘግቷል፤ ባንዲራው በምሰሶው ወገብ ላይ ረጥቦ ተንጠልጥሏል። የፖሊስ ባልደረባዬ ስታይናር ከደረጃው ሥር ጠበቀኝ።

«ቦርግሂልድ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሦስተኛ ፎቅ ነው።»

«ጉልበቴን ተወውና ከመንገዱ ዞር በል።»

ወጣሁ። እነዚያን ደረጃዎች የሠራ ሰው እግሩን ይንሳው ብዬ እየተራገምኩ ወጣሁ። ኤይለርት ዓሣ ይጎተትበት በነበረው መስኮት ሥር በጀርባው ተጋድሟል። ከጆሮው በላይ አንድ ምት፤ ሌላ ምንም የለም። አጠገቡ ደረቅ ዓሣ የሚወቀጥበት ትልቅ የእንጨት መዶሻ ወድቋል። የአስከሬን መርማሪው ጓንቱን እያወለቀ፣ «ማለዳ ነው የሞተው፣ ከተማው ሳይነቃ» አለኝ። ኤይለርት የቤቶቹ ጠባቂ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ግቢው ውስጥ ያልተጣላው ሰው የለም፤ ግን ማንም ይገድለዋል ብሎ አልጠበቀም።

ደክሞኛል። ይህንን መጀመሪያ ልናገር፣ እንዳላስመስል። ያን ሰሞን ሥራው ሁሉ ታክቶኝ ነበር፤ ሬሳ ሳይ የሚሰማኝ ሐዘን ሳይሆን «ደግሞ ሌላ» የሚል ነገር ነበር።

*

ሲኖቨን ከግቢው ጥግ ያለች ቡና ቤት ውስጥ አገኘኋት። ቢጫ የዝናብ ልብሷን እንደለበሰች፣ ቱሪስቶቿን የምትሰበስብበትን ቀይ ጃንጥላ በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀምጣለች።

«ትናንት ማታ ከኤይለርት ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«እሱ ነው የጮኸው። እኔ አልጮህኩም።»

«ምን ብሎ?»

«ሰው አብዝተሽ ታስገቢያለሽ፣ ወለሉ እየሰመጠ ነው፣ ቁልፉን ልነጥቅሽ ነው አለ። በሰው ፊት።»

«ቁልፉ ቢነጠቅ ምን ትሆኚ ነበር?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሥራ የለኝም ማለት ነዋ። ምን እሆናለሁ?»

«መዶሻውስ?»

«በየቀኑ የምይዘው ነው። ዓሣው እንዴት እንደሚወቀጥ የማሳየው በሱ ነው። አሻራዬ ካልተገኘበት ነው የሚገርመው።»

«ዛሬ ማለዳ የት ነበርሽ?»

ጃንጥላውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ቤቴ። ተኝቼ።»

ይህን ስትል መዋሸቷን አወቅሁ። ሰው እውነት ሲናገር ጃንጥላ አያዘዋውርም።

*

ስታይናር ግን ሌላ ሰው ይዞ መጣ። የጎረቤቱ ምግብ ቤት ባለቤት ቶርኪል፣ ከኤይለርት ጋር በጥብስ ሽታ ምክንያት ለዓመታት ሲነታረክ የኖረ፣ ሰውነቱ በር የሚሞላ ሰው።

«ገደልከው?» አልኩት። አንዳንዴ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ያሳጥራል።

«አንቺ ሴትዮ ደህና ነሽ? ስንት ዓመት ሙሉ ያልገደልኩትን ዛሬ ምን አስቸኮለኝ?»

«ማለዳ የት ነበርክ?»

«ወደቡ ላይ፣ እንፋሎት ቤት። ከዚያ ባሕር ውስጥ። ከዚያ እንደገና እንፋሎት ቤት።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ስድስት ሰው። ራቁቴን። ከዚህ በላይ ምን ይታይ? አንደኛዋ የጥርስ ሐኪሜ ናት፤ ደውይላት።»

ደወልኩ። ሴትየዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ ማን እንደሞተ ስነግራት «ነፍሱን ይማር» አለች። ቶርኪል እዚያ ነበር፤ እንደውም በዘፈኑ አላስቀምጥ ብሏቸው ነበር። አንዱ መንገድ በዚሁ ተዘጋ።

*

ሃልቫርድን ያገኘሁት የእንጨት ሥራ ክፍሉ ውስጥ ነው። የግቢው አናጢ ነው፤ እነዚያ ቤቶች የቆሙት በእሱ እጅ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። እሱና ኤይለርት ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው። እዚህ ከተማ አንቱታ ከተቀበረ ቆይቷል፤ እኔም የአባቴን እኩያ አንተ ማለቱን ለምጄዋለሁ።

«አዝናለሁ ሃልቫርድ።»

«ምን ይደረግ» አለ። የሥራ ጓንቱን አላወለቀም። የእንጨት ችንካር እየጠረበ ነበር፤ እነዚያ ቤቶች ላይ ብረት አይመታም።

«መቼ ሰማህ?»

«የእናንተን መኪና ጩኸት ስሰማ ከቤቴ ወረድኩ። ሰዎቹ ነገሩኝ። ከዚህ ግቢ ሰው ሲሞት ባንዲራውን ዝቅ አድርጌ የምሰቅለው እኔ አይደለሁ? ሰቀልኩለት። ሌላ ምን ላድርግለት።»

እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ። እውነቴን ነው፣ ከልቤ አዘንኩለት።

«ጠላት ነበረው?»

«እሱ? ግቢው በሙሉ» አለና ሳቅ ሊል ሞክሮ አቃተው። «ግን የሚገድለው አልነበረም።»

*

በማግስቱ ነገሩ ሁሉ ሲኖቨ ላይ ተከመረ። መዶሻው ላይ የተገኘው የጣት አሻራ የሷ ብቻ ነው። ስታይናር ደግሞ ከአንድ የሱቅ ካሜራ ላይ ምስል አመጣ፤ ሲኖቨ ማለዳ፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ፣ ወደ ወደቡ እየሄደች።

«ተኝቼ ነበር ብላናለች» አለ ስታይናር። ፊቱ በርቷል። ወጣት ነው፤ አልፈርድበትም።

አስገብተን ጠየቅናት። ምስሉን አየችው፣ ወደ እኔ ገፋችው።

«እኔ ነኝ። ግን ኤይለርትን አልነካሁትም።»

«ታዲያ የት ነበርሽ?»

«አልናገርም።»

«ሲኖቨ፣ ይህ የቀልድ ጉዳይ አይደለም። ሰው ሞቷል።»

«ነገርኩሽ እኮ፣ አልናገርም!»

ጠበቃዋ ነው ምስጢሩን ግማሽ ያህል የሰጠኝ፣ ኮሪደር ላይ። ሲኖቨ ስምንት ዓመት የሆናት ኢዱን የምትባል ልጅ አለቻት። አባትየው ሩቅ ሰሜን፣ ትሮምሶ ነው የሚኖረው፤ ልጅቷን ወደዚያ ልውሰድ ብሎ ከሷል። የአሳዳጊነቱ ክርክር አርብ ጠዋት ይሰማል። ያን ቀን ረቡዕ ነበር። ከታሰረች ልጇ ሄደች ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ሲኖቨ ከሁላችንም አብልጣ ታውቃለች። ታዲያ ማለዳ የት እንደነበረች ተናግራ የማትወጣው ምን ይዟት ነው? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

*

ሐሙስ ጠዋት ብቻዬን ወደ ቤቷ ሄድኩ። ዳገቱ ላይ ያለ ነጭ የእንጨት ቤት ነው፤ ላይኛው ፎቅ ሲኖቨ ትኖራለች፣ ታች ደግሞ አስላውግ የምትባል አሮጊት። ልጅቷ እናቷ ከታሰረች ወዲህ አስላውግ ጋ ናት፤ ያን ሰዓት ትምህርት ቤት ሄዳለች። በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬ ተቀዶ አውራ ጣቴ ወጥቷል። አስላውግ አይታ እንዳላየች ሆነች፤ ዋፍልና ቡና አቀረበች፤ የአገራችንን ቡናማ አይብ በስሱ ቆረጠችልኝ።

«ሲኖቨ ማለዳ ትወጣለች?»

«ትወጣለች።»

«የት?»

«ፖሊስ ሆነሽ ነው የምትጠይቂኝ?»

«ደክሞኝ ነው የምጠይቅሽ።»

ቡናዬን ሞላችልኝ። «ቢሮ ታጸዳለች። የአንድ መርከብ ድርጅት ቢሮ። ቁልፍ አላት፣ ከሰው በፊት ገብታ ከሰው በፊት ትወጣለች።»

«እዚያ የሚያያት ሰው አለ?»

«ወለሉ ጸድቶ ሲያገኙት ነው መምጣቷን የሚያውቁት።»

«ልጅቷስ ያን ሰዓት?»

ሲኒዋን አስቀመጠች። «ልጅቷ ደህና ናት።»

«ብቻዋን ነው የምትተኛው?»

«ደህና ናት አልኩሽ። ዋፍል ጨምሪ።»

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችልኝ። እኔም ገባኝ፤ ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ሲኖቨ ብትናገር ቢሮው ውስጥ አየኋት የሚል ሰው ስለሌለ ከግድያው ነፃ አትወጣም። የአባትየው ጠበቃ ግን የስምንት ዓመት ልጅ በየማለዳው ብቻዋን እንደምትተው ይሰማል። ብትናገር አትድንም፤ ልጇን ግን ትነጠቃለች። ስለዚህ አፏን ዘግታ ተቀመጠች። ኧረ የሰው መከራ! መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪው ላይ ግንባሬን ደፋሁ።

*

ቢሮ ስመለስ ስታይናር የቱሪስቶቹን ፎቶ በሙሉ ሰብስቦ እያየ ነበር። ሲኖቨ ልብስ ላይ ደም ይኖር እንደሆነ ነው የሚፈልገው።

«ምንም የለም» አለኝ ተስፋ ቆርጦ። «እይ፣ ጉብኝቱ ሳይጀመር የተነሱት ነው። ልብሷ እንደ አዲስ ነው።»

አየሁ። ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል፣ የዝናብ ልብሳቸውን ለብሰው። ሲኖቨ ቀዩን ጃንጥላ ከፍ አድርጋ ትስቃለች። ሁሉም ይስቃሉ። ገና ምንም አላዩም፤ ሰገነቱን አልወጡም። ልመልስለት ስል ዓይኔ ከራሶቻቸው በላይ ቀረ።

«ስታይናር፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ባንዲራ።»

«የት ላይ ነው ያለው?»

«ምሰሶው ላይ... ዝቅ ብሎ...» አለ። «ሰው ሞቷላ።»

«በዚያ ሰዓት ማን ነው የሚያውቀው?»

ወይ እኔ! ያን ቀን ገና ወደ ግቢው ስገባ አይቼዋለሁ። ሃምሳ ሰው ከሥሩ ቆሞ ነበር። ሰው ሲሞት ባንዲራ ዝቅ ማለቱ ለእኛ ዝናብ መዝነቡ ነው፤ ማን ቀና ብሎ መቼ ወረደ ይላል?

ወደ እስረኞች ማረፊያ ክፍል ወረድኩ። ሲኖቨ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የት ነበርሽ አይደለም። ሰዎችሽን ለመቀበል ግቢው ስትደርሺ ባንዲራው እንዴት ነበር?»

«ዝቅ ብሎ ነበር» አለች ወዲያው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን? ከሽማግሌዎቹ አንዱ አርፏል ብዬ አለፍኩ። ደግሞ እናንተም ከሥሩ ቆማችሁ ነበር እኮ።»

ፎቶውን ይዤ ወጣሁ።

*

ሃልቫርድ የእንጨት ሥራ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ፎቶውን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ስታይናር በሩ ላይ ቆመ።

«ባንዲራውን መቼ ነው የሰቀልከው?»

«ነገርኩሽ፣ እናንተ ስትመጡ።»

«ፎቶውን እየው።»

መነጽሩን ፈለገ፣ አጠለቀ። «ሲኖቨ ናት። ትስቃለች።»

«ከኋላዋ ያለውን እየው ሃልቫርድ።»

አየው። በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጓንቱን አወለቀ።

«ሳላስበው ነው» አለ። «ባንዲራ የሚሰቀልበት ሰዓት ደረሰ። ሰው ሞቷል። ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ገመዱን ሳብኩ፣ ከጫፍ አድርሼ ዝቅ አደረግሁት፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንዳደረግሁት። ማን እንደገደለው በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

አመንኩት። «ለምን መታኸው?»

«ሰገነቱ ላይ ጠራኝ። ወለሉን ሊያሳየኝ መስሎኝ ማለዳ ወጣሁ። ቁልፎቹን አምጣ አለኝ። የሥራ ክፍሉንም። ከኦስሎ የሚመጡ ልጆች አሉ፣ ማሽን አላቸው፣ አንተ አርጅተሃል፣ ወለሉም የሰመጠው ባንተ ነው አለኝ። እሱ እኮ ከእኔ ይበልጣል! በልጅነታችን ዛፍ መውጣት ያስተማርኩት እኔ ነኝ!» ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «መዶሻው እዚያው ነበር። ጓንቴን እንዳጠለቅሁ አንዴ ነው የመታሁት።»

«ሲኖቨ ስትታሰር ግን ዝም አልክ።»

«ትለቋታላችሁ ብዬ ነዋ። ምንም አላደረገችም።»

በዚህ ጊዜ ድካሜ ጥሎኝ ጠፋ፤ ተናደድኩ። «ልጅ አላት! ነገ ጠዋት ልጇን ልትነጠቅ ነው፣ አንተ እዚህ ተቀምጠህ ችንካር ትጠርባለህ?»

«አላወቅሁም» አለ። «ቦርግሂልድ ትሙት፣ ስለ ልጅቷ አላወቅሁም።»

ሳያመነታ ተነሳ። መብራቱን አጥፍቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ የቁልፎቹን ዘለላ ለስታይናር ሰጠው።

*

ሲኖቨን ራሴ በመኪናዬ ወሰድኳት። ገና ብርሃን ነው፤ ዝናቡ ለአፍታ አባርቷል።

«የት እንደነበርኩ እኮ አልጠየቅሽኝም» አለች ግማሽ መንገድ ላይ።

«ገዳዩ ተይዟል። ምን አገባኝ?»

«ነገ ግን ሌሎች ይጠይቁኛል። ለምን ታሰርሽ፣ ለምን ዋሸሽ፣ ማለዳ የት ነበርሽ ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

ዋሺ ልላት አልችልም። እውነቱን ተናገሪ ማለትም ልጅሽን አስረክቢ ማለት ነው። ነፍሰ ገዳይ ይዤ እንኳን ለዚህች ሴት የማደርግላት ነገር አልነበረኝም፤ ይህ አንገበገበኝ።

ስንደርስ አስላውግ በሩን ከፍታ ደረጃው ሥር ቆማለች። ኢዱን ከኋላዋ ሮጣ ወጥታ እናቷ ወገብ ላይ ተጠመጠመች። ሲኖቨ የልጅቷን ፀጉር እያሸተተች አለቀሰች፤ እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ከዚያ ልጅቷን ወደ ላይ ሰደደቻትና ድንገት፣ «አስላውግ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች። «በየማለዳው ብቻዋን ነው የምተዋት። ሳትነቃ እመለሳለሁ እያልኩ። ፖሊሷም ትስማ፣ ሰልችቶኛል መደበቁ።»

«ብቻዋን አይደለችም» አለች አስላውግ።

«እንዴ?»

«አንቺ ስትወጪ እኔ እወጣለሁ። በራችሁ ፊት ደረጃው ላይ ትራስ አድርጌ እቀመጣለሁ፣ ሹራቤን እሠራለሁ። የአንቺን እግር ከውጭ፣ ዳገቱ ላይ ስሰማ እወርዳለሁ።»

ሲኖቨ አፏን ያዘች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሥራውን ከጀመርሽ ጀምሮ። አንድ ቀን ሳል ይዟት አድሮ ነበር፤ ልገባ ምንም አልቀረኝም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። ሰው ቤት ዘው ብሎ መግባት መሰለኝ። ታፍሪ ይሆናል ብዬም ፈራሁ።»

«እኔስ?» አልኩ፤ አላስችል ብሎኝ ጮህኩ። «ዛሬ ጠዋት ልጅቷስ ብዬ ስጠይቅሽ ምነው ዝም አልሽኝ?»

አስላውግ ገላመጠችኝ። «ለእናቷ ያልነገርኩትን ለፖሊስ ልናገር?»

እንዲህ ነን እኛ። በአንድ ጣሪያ ሥር አንዷ አፍራ ትደብቃለች፣ አንዷ አፍራ ደብቃ ትጠብቃለች፤ ሴትየዋ በዚህ ምክንያት እስር ቤት አደረች። ልሳቅ ወይ ላልቅስ አላወቅሁም። ሲኖቨ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ አስላውግም ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ጎኗ ተቀመጠች። ሁለቱም ወደፊት ነው የሚያዩት፤ ትከሻቸው ግን ተነካክቷል።

«አስላውግ» አልኩ፣ «ነገ ጠዋት ከሷ ጋር ፍርድ ቤት ትሄጃለሽ። አሁን ያልሽውን እዚያ ትደግሚዋለሽ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«አንቺ።»

ሲኖቨ ቀና ብላ አላየቻትም፤ እጇን ብቻ ዘርግታ የአሮጊቷን እጅ ያዘች። በሕይወቷ ሰውን እርጂኝ ስትል የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

«እሺ» አለች አስላውግ። «ግን ፍርድ ቤት ምን ተለብሶ ነው የሚኬደው?»